ማስታወቂያው ሳይለጠፍ፦ ከጎንደር ወደ ፌዴራል ፖሊስ የሚወስደው መንገድ

የፌዴራል ፖሊስ የምልመላ ማስታወቂያ በቀበሌ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ለምዝገባ የሚሰጠው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ጊዜው ያለፈበትን መታወቂያ ማሳደስ፣ በትምህርት ማስረጃና በፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ላይ ተለያይቶ የተጻፈን ስም ማስተካከል፣ ድሮ ከተማሩበት ትምህርት ቤት ትራንስክሪፕት ማስወጣት፣ በዚያ ላይ ሰውነትን ለሩጫ ማብቃት አይቻልም። ስለዚህ ዝግጅቱ መጀመር ያለበት ማስታወቂያው ከመውጣቱ ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ሮጠው የሚያልፉ፣ ጠይቀው የሚረዱ፣ ለሙያው የሚበቁ ልጆች በአንዲት ፊደል ልዩነት ከምዝገባ ጠረጴዛ ሲመለሱ ማየት ያሳዝናል። ማስቀረት የሚቻል ጉዳት ስለሆነም ይበልጥ ያስቆጫል።

ወደ ፌዴራል ፖሊስ እንዴት ይገባል የሚለው ጥያቄ አሁን የበረታበት ምክንያት ግልጽ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ተማሪ ሌላ በር ማየት አለበት ማለት ነው። በአማራ ክልል ደግሞ ግጭቱ ትምህርትን ራሱን አስተጓጉሏል። ጎንደር ውስጥ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ባጃጅ የሚነዳ፣ የቀን ሥራ የሚሠራ ወይም ሥራ ፈትቶ ቤት የተቀመጠ ወጣት ያለው ቤተሰብ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል።

የትኛው ፖሊስ?

ብዙ አመልካቾች የሚሳሳቱት ገና ከመነሻው ነው፤ የክልልና የፌዴራል ፖሊስን አንድ አድርገው ያያሉ። ሕገ መንግሥቱ ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧቸዋል። አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 6 የፌዴራል የፖሊስ ኃይልን ማደራጀትና መምራትን ለፌዴራል መንግሥት ሲሰጥ፣ አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2 ፊደል ሰ የክልል ፖሊስን ለክልሎች ሰጥቷል። ጎንደር ከተማ ውስጥ ሌባ ሲያዝ፣ ሰፈር ውስጥ ጠብ ሲነሳ፣ የትራፊክ አደጋ ሲደርስ የምናየው በክልሉ ሥር ያለው ፖሊስ ነው። የፌዴራል ፖሊስ፣ በአዋጅ ቁጥር 720/2004 ተቋቁሞ በአዋጅ ቁጥር 944/2008 የተሻሻለው ተቋም፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሥር የሚወድቁ ወንጀሎችን ይመረምራል፣ የፌዴራል ተቋማትንና እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ያሉ ቁልፍ ቦታዎችን ይጠብቃል፣ ሽብርን፣ ሕገ ወጥ የጦር መሣሪያ ዝውውርንና የሰዎች ንግድን ይከላከላል። ይህ ለጎንደር ሰው ሩቅ ነገር አይደለም፤ በአዘዞ በኩል ወደ መተማ ዮሐንስና ወደ ሱዳን ድንበር የሚወርደው መንገድ የኮንትሮባንድና የሰዎች ዝውውር መስመር እንደሆነ ከተማው በሙሉ ያውቃል።

በተግባር ትልቁ ልዩነት ግን የምደባ ቦታ ነው። የክልሉን ፖሊስ የተቀላቀለ ሰው በአማራ ክልል ውስጥ ያገለግላል። ፌዴራል የገባ ሰው ሞያሌም፣ ጋምቤላም፣ ጅግጅጋም ሊመደብ ይችላል፤ በራሱ ከተማ የመመደብ መብትም የለውም። አማርኛ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ መሆኑ ለጎንደር ልጅ ምቾት ይሰጠዋል። ሆኖም ከሕዝብ ጋር ውሎ የሚያድር ፖሊስ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ትግርኛ ቢጨምር ለሥራውም ለደኅንነቱም ይጠቅመዋል። ከመመዝገብ በፊት ባሉት ወራት የአንዱን ቋንቋ መሠረት መያዝ ብዙዎች የማያስቡት ግን ጥሩ ስንቅ ነው።

ሕግ ማስከበር ሲባል የፖሊስ የደንብ ልብስ ብቻ አይደለም። የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1174/2012 የሚተዳደር የራሱ መኮንኖች ያሉት ተቋም ነው። ጉምሩክ ኮሚሽን፣ የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት፣ የፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎትም አሉ። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሕግ የተመረቀ ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 እንደገና የተደራጀውን የፍትሕ ሚኒስቴር ዐቃቤ ሕግነት ማየት አለበት፤ በኮንስታብልነት ከሚወዳደር ይልቅ እዚያ የተሻለ ቦታ ሊያገኝ ይችላል። ሒሳብ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ወይም ላቦራቶሪ የተማረውም በፖሊስ ውስጥ በሲቪል ሠራተኛነት የሚቀጠርበት መንገድ አለ፤ እንዲህ ያለው የክፍት ሥራ ማስታወቂያ በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ይወጣል። ዲግሪ ያለው ሰው የቅጥር ማስታወቂያውን ሲያነብ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት «በምን ማዕረግ» የሚለውን ነው። የማዕረጉ ቅደም ተከተል ከኮንስታብል ተነስቶ በሳጅኖች፣ በኢንስፔክተሮችና በኮማንደሮች አልፎ ወደ ኮሚሽነርነት ይወጣል፤ ከታች የጀመረና በመኮንንነት ሠልጥኖ የገባ ሰው የብዙ ዓመት ልዩነት አላቸው። የመኮንንነትና የከፍተኛ ትምህርት ሥልጠናው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ ሰንዳፋ ላይ በሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል።

ወረቀቱ

በየምልመላው የሚጠየቀው ነገር በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው፦ የታደሰ የቀበሌ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ ከዋናውና ከኮፒው ጋር፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ከቀበሌ ወይም ከክፍለ ከተማ የሚሰጥ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚያሳይ ማጣራት፣ የጤና ምርመራ። ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደትና የትምህርት ደረጃ ግን ከማስታወቂያ ማስታወቂያ ይለያያሉ። አንዱ 8ኛ ክፍልን ሲቀበል ሌላው 12ኛን ይጠይቃል፤ የወንድና የሴት ቁመት መነሻም ለየብቻ ይጻፋል። በቴሌግራም ከሚዞር የቆየ ፎቶ ላይ መስፈርት ማንበብ አደገኛ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ የወጣበትን ቀን፣ ማኅተሙንና ቲተሩን ማየት ያስፈልጋል። የከተማው ፖሊስ መምሪያ ወይም የክፍለ ከተማው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄዶ «ይህ ማስታወቂያ የእናንተ ነው?» ብሎ መጠየቅ የአንድ ባጃጅ ሒሳብ ነው።

አሁን ብዙዎችን የሚጥለውን ነገር ጠጋ ብለን እንመልከት፦ ስም። አንድ ልጅ የቀበሌ መታወቂያው ላይ «ኃይለማርያም» ተብሎ በአንድ ቃል በብዙኃኑ ኃ ተጽፏል እንበል። የ8ኛ ክፍል ካርዱ ላይ «ሀይለ ማርያም» ተለያይቶ በሃሌታው ሀ ይገኛል። የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ደግሞ በላቲን ፊደል ሲሆን፣ ፈተናው ላይ ሲመዘገብ መምህሩ በመሰለው መንገድ ጽፎታል። ፋይዳ ሲመዘገብ መዝጋቢው ሦስተኛ አጻጻፍ አስገብቷል። ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለመዝጋቢው ግን አራት ሰነድ ላይ አራት ሰው ሊመስለው ይችላል። ሠና ሰ፣ ዐና አ፣ ጸና ፀ፣ ሐና ሀ የሚያመጡት ልዩነት ይኸው ነው። የአያት ስም ሲቀየር ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ አንዱ ሰነድ ላይ የአያት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት የክርስትና ስም ወይም የቤት ስም ሊገባ ይችላል።

መፍትሔው አንድ ሰነድን መሠረት አድርጎ ሌሎቹን ወደ እሱ ማምጣት ነው። የትኛውን? የትምህርት ማስረጃን። ምክንያቱም የብሔራዊ ፈተና ውጤት ለማስተካከል የሚወስደው መንገድ ረጅሙ ነው፤ በትምህርት ቤቱ፣ በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ አልፎ እስከ ትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ይደርሳል። መታወቂያውን በቀበሌ፣ የልደት ምስክር ወረቀቱን በወሳኝ ኩነት፣ ፋይዳውን በምዝገባ ጣቢያ ማስተካከል ግን ከዚያ በጣም ይቀላል። የፋይዳ ቁጥር 12 አሃዝ ነው፤ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ስለተያዘበት ሁለተኛ ጊዜ በሌላ ስም መመዝገብ አይቻልም፤ የሚቻለው የተመዘገበውን ማረም ብቻ ነው። ስለዚህ ገና ፋይዳ ያላወጣ ወጣት ካለ፣ ሲመዘገብ የ12ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ማስረጃውን ይዞ ሄዶ ስሙን ፊደል በፊደል ከስክሪኑ ጋር አስተያይቶ ይፈርም።

ሁለተኛው ወጥመድ የልደት ቀን ነው። የእኛና የአውሮፓ አቆጣጠር ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያዎቹ መጀመሪያ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ጥር 5 ቀን 1997 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ ጥር 13 ቀን 2005 ነው። ጥቅምት 5 ቀን 1997 ዓ.ም. የተወለደው ግን ጥቅምት 15 ቀን 2004 ይሆናል። በቸኮለ ሰው እጅ ሁለቱም ላይ 8 ሲደመር የጥቅምቱ ልጅ ዕድሜ አንድ ዓመት ይቀንስበታል። ዕድሜ መነሻና ጣሪያ ባለበት ውድድር አንድ ዓመት ወሳኝ ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ቶሎ ማውጣት አለበት፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 የተደነገገ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተወለዱትም ምስክር ወረቀቱን ማግኘት ይችላሉ።

10ኛ ክፍል ሲጠየቅ ሌላ ግራ መጋባት ይነሳል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በመጨረሻ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ 10ኛን ያለፈ ልጅ የብሔራዊ ፈተና ሰርተፍኬት ሊኖረው አይችልም፤ የሚያቀርበው የትምህርት ቤቱን ትራንስክሪፕት ነው። ስለዚህ ትራንስክሪፕቱ ላይ ፎቶ፣ የትምህርት ቤቱ ማኅተም፣ የርእሰ መምህሩ ስምና ፊርማ መኖሩን ማረጋገጥ ግድ ይላል። በግጭቱ ምክንያት መዛግብታቸው የተጎዱ የገጠር ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ከዚያ የመጣ አመልካች ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ማመልከት አለበት። የምዝገባ ሳምንት ላይ ይህን መጀመር «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እንደተባለው ይሆናል።

የቀን መቁጠሪያንም እናስተውል። ጎንደር ላይ ጥምቀት ሲደርስ ከጥር 10 በፊትና እስከ 12 ድረስ ከተማው ሌላ ከተማ ነው፤ የቀበሌ ጉዳይ በዚያ ሳምንት አይያዝም። ዶክመንት የሚያዘጋጅ ሰው ይህን ሳምንት ከሒሳቡ ያውጣው።

ስለ ሐሰተኛ ማስረጃ ዙሪያ ጥምጥም ሳንሄድ እንናገር። የ8ኛ ክፍል ካርድ «የሚሠራ» ሰው ሁሌም ይገኛል። የወንጀል ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 414/1996፣ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትን በአንቀጽ 375፣ በሐሰተኛ ሰነድ መገልገልን በአንቀጽ 378 ያስቀጣል። ፖሊስ ለመሆን ብሎ ሐሰተኛ ማስረጃ ያቀረበ ሰው ከዓመታት በኋላ ማስረጃው ሲጣራ ሥራውንም ነጻነቱንም ያጣል፤ በዚያ ጊዜ ዕድሜው ለሌላ ውድድር አልፏል። «ውስጥ ሰው አለኝ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላም እንዲሁ ነው። ለፖሊስ ምልመላ በግለሰብ ስልክ ወይም አካውንት የሚላክ ክፍያ የለም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ መልእክቱን ሳያጠፉ፣ የአካውንቱን ቁጥርና ስልኩን ይዞ ለፖሊስ ማመልከት ነው፤ በአንቀጽ 692 መሠረት አታላይነት ነው። ብር የከፈለ ቤተሰብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አፍሮ ዝም ይላል፤ ዝምታው ሌላውን ቤተሰብ ያስበላል።

ሰውነት

የቁመት ልኬት ላይ አንድ የማይታወቅ ነገር አለ። የሰው ቁመት ጠዋት ከአልጋ ሲነሳና ማታ አንድ አይደለም፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ለስላሳ ዲስኮች ቀኑን ሙሉ በሰውነት ክብደት ስለሚጨመቁ ማታ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ያህል እናጥራለን። ለመስፈርቱ ጫፍ ላይ ያለ ልጅ ከገጠር ወረዳ ሌሊቱን በመኪና ተቀምጦ ወይም ከባድ ሻንጣ ተሸክሞ ሰልፍ ላይ ውሎ ከሰዓት በኋላ ቢለካ ሊወድቅ ይችላል። ቀድሞ ሄዶ አድሮ፣ ጠዋት መጀመሪያ ሰዓት ላይ መለካት ነው። ሲለካም ባዶ እግር፣ ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ከመለኪያው ጋር ተጠግቶ፣ ዓይን ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እያየ፣ አገጭ ሳይነሳ። አገጭን ማንሳት ቁመት የሚጨምር ይመስላል እንጂ የራስ አናትን ወደ ኋላ ስለሚያጋድለው ይቀንሳል።

ክብደትን ከቁመት ጋር ማየት ያስፈልጋል። 1 ሜትር ከ68 ሴንቲሜትር የሆነና 52 ኪሎ የሚመዝን ልጅ፣ ክብደቱ ለቁመቱ ካሬ ሲካፈል 18.4 ይመጣል፤ ጤናማ የሚባለው መጠን የሚጀምረው ከ18.5 ነው። ማለትም ሩብ ኪሎ ያህል ይጎድለዋል። ይህ በአመጋገብ በቀላሉ የሚሞላ ነው፤ በምዝገባ ዋዜማ ሁለት ሊትር ውኃ ጠጥቶ መመዘን ግን የሽንት ምርመራንም የሩጫ ፈተናንም ያበላሻል። ምልመላው ዐቢይ ጾም ላይ ከዋለ የሚጾም ሰው ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ኑግና ተልባን በቀን በሁለት ገበታ ከፍሎ በደንብ መብላት አለበት፤ አንድ ጊዜ ብቻ በልቶ በየቀኑ መሮጥ ሰውነትን ያከሳል። በረመዳን ለሚጾመው ደግሞ ልምምዱ ከማፍጠሪያ በፊት ባለው የመጨረሻ ሰዓት፣ ቀለል ብሎ ቢሆን ይሻላል።

ከሐኪም ጋር የሚደረገውን ምርመራ በራስ ወጪ አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማየት ብልህነት ነው። ዓይን በ6 ሜትር ርቀት ይለካል፤ ቀይና አረንጓዴን የመለየት ችግር በወንዶች ላይ ይበዛል፤ ብዙዎችም እስኪመረመሩ ድረስ አያውቁትም። የጥርስ መበስበስ፣ የጆሮ መምገል፣ እበጥ፣ የደም ግፊት፣ ዝርግ እግር የሚታዩ ነገሮች ናቸው። ጥርስና ጆሮ በጥቂት ሳምንታት ይታከማሉ። የደም ግፊት ደግሞ ሌሊቱን ሳይተኙ፣ ሦስት ስኒ ቡና ጠጥተውና ተደናግጠው ሲለኩት ጤነኛው ሰው ላይም ከፍ ሊል ይችላል፤ ቡናውን ከምርመራው በኋላ ማድረግ ነው።

ለሩጫ ጎንደር ጥሩ ሜዳ ናት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ የሠለጠነ ሳንባ ሰንዳፋ ላይ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ብዙ አይቸገርም። ወደ ሞቃት ቆላ ሥልጠና ጣቢያ፣ ለምሳሌ አዋሽ ሰባት ለሚሄድ ግን ፈተናው ሙቀቱና የውኃ ጥሙ ነው።

የ12 ሳምንት ልምምድ በቂ ነው። የመጀመሪያዎቹን 4 ሳምንታት በሳምንት 3 ቀን፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ እየሮጡ ማውራት በሚቻልበት ፍጥነት። ከ5ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ከሦስቱ ቀናት አንዱን ወደ ፋሲለደስ ስታዲየም ወይም ወደ ሌላ ጠፍጣፋ ሜዳ ወስዶ 400 ሜትርን 6 ጊዜ በፍጥነት፣ በየመሐሉ 2 ደቂቃ እያረፉ። ከ9ኛው እስከ 11ኛው ሳምንት በየ10 ቀኑ 3 ኪሎ ሜትርን በሰዓት እየያዙ መሮጥ፤ በመጨረሻው ሳምንት ግማሹን መቀነስ። ወደ ጎሃ የሚያወጣውን ዳገት በሳምንት አንድ ቀን በእርምጃ መውጣት ለጭን ጥሩ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ልጁ በመጀመሪያው ሳምንት ከፒያሳ አዘዞ ደርሶ ለመመለስ ሲነሳ ነው፤ ቁልቁለቱ ሲወርድ ይቀላል፣ በማግስቱ ቅልጥሙ ፊት ለፊት ያመዋል። ይህ የቅልጥም ሕመም በኮብልስቶንና በአስፋልት ላይ ባለቀ ጫማ ከመሮጥ ይመጣል፤ ተጭኖበት ሲቀጠል የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። ሲጀምር ሁለት ሳምንት ማረፍ፣ ከዚያ በሣር ላይ መመለስ ነው።

ፑሽ አፕን በተመለከተ ቁጥር ከማብዛት አሠራር ይቀድማል። ፈታኙ የሚቆጥረው ደረት ወርዶ ክንድ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋውን ነው። 20 በትክክል መሥራት የሚችል ሰው በአንድ ጊዜ 10፣ በቀን 5 ዙር፣ በየመሐሉ አንድ ደቂቃ እያረፈ፣ በሳምንት 4 ቀን ቢሠራ ከ6 ሳምንት በኋላ ራሱ ይደነቃል። ሴት አመልካቾች ላይ አንድ ነገር ይታያል፤ በሩጫ ጎበዝ ሆነው በክንድ ይወድቃሉ፣ ምክንያቱም ማንም ፑሽ አፕ አሠርቷቸው አያውቅም። ከግድግዳ ጀምሮ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መሬት በመውረድ በሦስት ወር ይመጣል።

ጥያቄና ቃለ መጠይቅ

የጽሑፍ ፈተናው አጠቃላይ ዕውቀትን፣ ሒሳብንና የሕግ መሠረትን ይነካል። የሕገ መንግሥቱን ምዕራፍ ሦስት፣ በተለይ ከአንቀጽ 14 እስከ 28 ያለውን ማንበብ ግዴታ ነው። የተያዘ ሰው በሚገባው ቋንቋ ምክንያቱ እንደሚነገረው፣ የመናገር ግዴታ እንደሌለበት፣ ለመንገድ የሚወስደው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ አንቀጽ 19 ይናገራል። ጭካኔ የተሞላበት አያያዝ በአንቀጽ 18 ተከልክሏል። የተከሰሰ ሰው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ጥፋተኛ አለመቆጠሩ በአንቀጽ 20 አለ። እነዚህን መሸምደድ ለፈተና ይበቃል፤ ለሥራው ግን ማመን ያስፈልጋል። በክልሉ ውስጥ ሰው በየቀኑ የሚያማርረው ስለ አያያዝ ነው። ሕጉን አውቆ የሚገባ ወጣት ለተቋሙ ሀብት ነው።

ቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን ፖሊስ መሆን ፈለግህ?» ለሚለው «ሥራ ስላጣሁ» ማለት ነውር አይደለም፤ እውነት ነውና። ብቻውን ግን አይበቃም። ከዚያ አልፎ የትኛውን ሥራ፣ ወንጀል ምርመራን፣ የኬላ ቁጥጥርን ወይም የተቋማት ጥበቃን እንደሚመርጥና ለምን እንደሆነ የሚናገር ሰው የተዘጋጀ መሆኑ ይታያል። በቀድሞ አገልግሎት ላይ መዋሸት ግን መጨረሻው መጥፎ ነው። የክልል ልዩ ኃይሎች በ2015 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ በመከላከያ፣ በፌዴራልና በክልል ፖሊስ ሥር እንዲደራጁ ከተወሰነ በኋላ የብዙ ሰው የአገልግሎት መዝገብ በየቦታው አለ። መልቀቂያ ያለው መልቀቂያውን ያቅርብ፤ የሌለው ሁኔታውን በግልጽ ይናገር።

ከመፈረም በፊት

የፖሊስ ቅጥር እንደ ፋብሪካ ቅጥር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የፖሊስ ኃይል አባላትን ከተፈጻሚነቱ ውጭ አድርጓል። በዚያ አዋጅ አንድ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ይለቃል፤ ፖሊስ ግን በራሱ ደንብ ስለሚተዳደር የሚፈርመው የአገልግሎት ግዴታ ሳይጠናቀቅ በገዛ ፈቃዱ መልቀቅ አይችልም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የግዴታው ዓመት ስንት እንደሆነ፣ ሥልጠናውን አቋርጦ የወጣ ሰው ምን እንደሚከፍል፣ ጋብቻና ትምህርት መቼ እንደሚፈቀድ ቅጹ ላይ አንብቦ መረዳት ያስፈልጋል። በጡረታ በኩል ግን ከሲቪሉ የተሻለ ነው፤ አባሉ ከደመወዙ 7 በመቶ ሲያዋጣ መንግሥት ለፖሊስ 25 በመቶ ይጨምራል፤ ለሲቪል ሠራተኛ የሚጨምረው 11 በመቶ ነው።

አደጋውንም መደበቅ ተገቢ አይደለም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ብዙ ደም ፈስሷል፤ የደንብ ልብስ የለበሰ ልጅ ያለው ቤተሰብም፣ የሌለውም ተጎድቷል። አንድ ወጣት ለፌዴራል ኃይል ሲመዘገብ እናቱ የምታስበው ስለ ደመወዙ ብቻ አይደለም፤ የት ይመደባል፣ ከማን ጋር ይጋጠማል፣ እሷስ በሰፈሯ ምን ትባላለች ብላ ታስባለች። ይህን ንግግር ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ቤት ውስጥ መጨረስ ይገባል። ተመዝግቦ፣ አልፎ፣ መኪና ላይ ሊሳፈር ሲል የሚቀር ልጅ የሌላውን ቦታ ይዞ ነው የቀረው።

ተጠባባቂ የሆነ ወይም የወደቀ ሰው በዚያው ቀን ምክንያቱን መጠየቅ አለበት፦ በቁመት ነው፣ በጤና ነው፣ በሰነድ ነው? በጤና ከሆነ የሐኪሙን ወረቀት ኮፒ መያዝ ነው፤ የሚታከም ከሆነ ለሚቀጥለው ዙር ይሠራበታል። በሰነድ ከሆነ የተባለውን ጉድለት አስጽፎ ቢይዝ ለትምህርት ቤቱ ወይም ለቀበሌው ማሳያ ይሆነዋል።

ያለፈ ሰው ደግሞ ከመሳፈሩ በፊት ሦስት ነገር ይጨርስ። ዋና የትምህርት ማስረጃውን በሙሉ ኮፒ አድርጎ አንድ ቅጂ ለቤተሰቡ ይተው፤ ሥልጠና ጣቢያ ላይ ስልክ እንደልብ ስለማይያዝ ፎቶ አንስቶ ስልክ ውስጥ ማስቀመጥ ብቻውን አያስተማምንም። የባንክ ደብተሩን በፋይዳ ቁጥሩ ያገናኝና በሚጠራበት ትክክለኛ ስም መሆኑን ያረጋግጥ፤ የመጀመሪያ ደመወዝ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በስም አለመመሳሰል ነው። የመሬት፣ የቤት ኪራይ ወይም የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ለአባቱ፣ ለእናቱ ወይም ለሚያምነው ወንድሙ ውክልና ሰጥቶ ይሂድ፤ ውክልናው ውስጥ «መሸጥ መለወጥ» የሚለውን ቃል መጨመር አለመጨመሩን ግን ከመፈረሙ በፊት ራሱ ያንብብ።